በሞረድ የጫርኩት አልማዝ

አባቴ ሊሙ ገነት ላይ ቡና ገዢ ነበር። የቡናውን ድርቀት የሚለካው በጥርሱ ነው። ከጆንያው አንዲት ፍሬ ያነሣል፣ በመንጋጋው ይነክሳታል፣ ቋ ካለች «ዱጋ!» ይላል፤ እውነት ነው ማለቱ ነው። ከዚያ በኋላ የሚከራከር ገበሬ አልነበረም።

ታዲያ ጉደኛው አባቴ የእናቴን የጋብቻ ቀለበትም የገዛው ነክሶ ነው! ፈርጡ ሲነከስ አልተሰነጠቀም፤ በቃ፣ አልማዝ ነው አለ። ላገኘው ሰው ሁሉ አወራ።

እኔ ጅማ ኮሌጅ ገብቼ የማዕድናት ጥንካሬ እንዴት እንደሚለካ ተማርኩ። ነገሩ ቀላል ነው፤ ጠንካራው ደካማውን ይጭራል። ጥርስ በጥንካሬው ከመስታወት ያንሳል፤ ስለዚህ ንክሻ ምንም አይነግርም። አልማዝን ግን ከአልማዝ በቀር የሚጭረው ድንጋይም ብረትም የለም። ለእረፍት ስመለስ ሞረድ ይዤ መጣሁ። እናቴ በዐይኗ «ተይ» አለችኝ። አባቴ ኮራ ብሎ «ትሞክረዋ! ምን ታመጣለች?» አለ። እኔ ደግሞ የተማርኩ ነኛ! እየሳቅሁ ጫርኩት። ሲጥ አለና ነጭ መስመር ወጣበት።

አባቴ ቀለበቱን መስኮቱ ጋ ወስዶ ብዙ አየው። ኮቱን አንሥቶ ወጣ። እናቴ ጓዳ ጎትታኝ፣ «ወርቅ ሠሪው ድሮ ነግሮኛል። ይህን ሁሉ ዘመን አፌን የያዝኩት ለማን ብዬ ነው? አንቺን ምን ጥልቅ አደረገሽ?» አለችኝ። ከጓዳ ስንወጣ አባቴ ገና ደጃፉ ላይ ጫማውን እያሰረ ነበር። ሰምቶ እንደሆነ አልጠየቅነውም።

ከዚያ ወዲህ ጥርሱን ማመን ተወ። አንዷን ፍሬ ነክሶ፣ «ዱጋ» ሳይል ደግሞ ሌላ ያነሣል። ቆይቶ «እስቲ አንተ ቅመሰው» እያለ ለሰው መስጠት አመጣ። በመጨረሻም ንግዱን እርግፍ አድርጎ ተወው። ያስተውኩት እኔ ነኝ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ዛሬ ያንኑ ትምህርት ጅማ ላይ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ መስታወት ሲጭሩ ከጀርባዬ ሰው የቆመ ይመስለኛል፤ ዞር ስል ማንም የለም። የጭረቱ ድምፅ አወቱ መንደራ ሰፈር፣ ቤቴ ድረስ ይከተለኛል። ሬዲዮ ከፍቼ እንኳን እሰማዋለሁ።

እናቴ ካለፈች በኋላ አባቴ እኔ ዘንድ መጥቶ ሳለ ታመመ። ሐኪሙ ተስፋ እንደሌለው ለእኔ ብቻ ነገረኝ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አባቴ እጄን ያዘና፣ «አንቺ እውነቱን ትናገሪያለሽ። እድናለሁ?» አለኝ።

«ትድናለህ አባዬ» አልኩት።

ትክ ብሎ አየኝ። «እናትሽን መሰልሽ» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።