በማርሚታ ፋንታ ጡሩምባ

የእህቴ ልጅ አሳምነው መካነ ሰላም ውስጥ በሞተር ሰው እያመላለሰ ነው የሚኖረው። ታታሪ ነው፤ አይጠጣም፤ አይዋሽም። አንድ ችግር ብቻ አለበት፤ ድምፅ የሌለው ነገር ጉልበት ያለው አይመስለውም። ስልክ ሲያናግር ይጮኻል፤ ሲጸልይ ይጮኻል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከአጠገቡ የምቆመው እኔ ብቻ ነኝ።

ይህ ልጅ ከወንዙ ማዶ፣ ዳገቱ አናት ላይ የሚኖሩትን የአያ አድማሴን ልጅ ሰብሌን ወደደ። የአያ አድማሴ ባለቤት በምጥ ተይዘው፣ በቃሬዛ ሲወርዱ መንገድ ላይ ነው የሞቱት። ስለዚህ ሰብሌን ለሚጠይቅ ሁሉ ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ «ምጥ ቢይዛት በምን ታደርሳታለህ?» ሁለት ጠያቂዎች መልስ አጥተው ተመልሰዋል። አሳምነው ግን ሞተር አለው፤ ያቺ ሞተር ያንን ዳገት እምቢ ብላ አታውቅም። ነገሩ ያለቀ ነበር፤ ልጁ አርፎ ቢቀመጥ።

አርፎ አልተቀመጠም። ሽማግሌ ሊልክ ሳምንት ሲቀረው ከቅዳሜ ገበያ የተበላሸ የድምፅ ማጉያ ጡሩምባ፣ ያንን አፈ ሰፊውን፣ ገዝቶ መጣ። ማርሚታዋን፣ ያንን ድምፅ የሚያፍነውን የጭስ ማውጫ፣ አስፈትቶ በቦታው ጡሩምባውን ሊያስበይድ ነው። አያ አድማሴ ከማዶ ሆነው የሞተሯን ጉልበት እንዲሰሙለት!

በያጁ አብዱራህማን መከረው። «ወላሂ አሳምነው፣ ድምፅ እጨምርልሃለሁ፤ ጉልበት ግን ይቀንስብሃል። የጭሱ መውጫ እንዲህ ሲሰፋ ሞተሩ የሚጎትተው ሲሮጥ ብቻ ነው። ዳገት ላይ ደግሞ አይሮጥም።»

«አንተ በይድ!» አለው አሳምነው፣ እየጮኸ።

ተበየደ። ሞተሯ ስትነሳ የገበያው አህያ ጭነቱን ጥሎ ሸሸ። አንዲት ሴትዮ ስብሰባ የተጠራ መስሏት ቀበሌ ድረስ ሄደች። አሳምነው በደስታ ሰከረ።

በቀጠሮው ቀን ከሦስታችን ሽማግሌዎች ሁለቱ በጠዋት በእግራቸው ወጡ። እኔ ትልቁ ስለሆንኩ በሞተር እንድሄድ ተወሰነ፤ ክብር መሆኑ ነው። ሜዳውን እውነትም በረርንበት። ዳገቱ ስር ስንደርስ ግን ሞተሯ አጓራች፤ ተራራው መለሰላት፤ እኛ እዚያው ነን። አንደኛ ማርሽ አስገባ። ጮኸች እንጂ አልሄደችም። ወረድኩላት፤ አሁንም አልሄደችም። ስለዚህ ገፋሁ! በስልሳ ስምንት ዓመቴ፣ በነጭ ጋቢ፣ ጡሩምባው ጥላሸት እየተፋብኝ የሙሽራ ሞተር ገፋሁ።

«አጥፋትና እንግፋት!» አልኩት።

«ጋሼ፣ እየሰሙን እኮ ነው! ከጠፋች የቆምን ይመስላቸዋል!»

እውነቴን ነው፣ በዚያች ሰዓት ልጅቷን ራሴ ብከለክለው ደስ ባለኝ።

ስንደርስ እግረኞቹ ሽማግሌዎች ደጅ ላይ ቆመው ላባቸው ደርቋል። አያ አድማሴ ፊቴን አይተው ሳቃቸውን ዋጡት።

«ከጠዋት ጀምሮ ስንሰማችሁ ነበር» አሉ፤ «አንድ ቦታ ላይ።»

በወጉ ሙሽራ ከሽማግሌ ጋር አይመጣም። ስለዚህ አሳምነው ሄልሜቱን እንዳጠለቀ በሩ ላይ ቀረ፤ ሹፌር ነኝ ማለቱ ነው። አገር ሁሉ ያውቀዋል፤ ሰብሌም ከጓዳ ሆና ታየዋለች፤ እሱ ግን ሹፌር ነው።

እንደቆምን፣ ልጅዎን ለልጃችን ብለን ጠየቅን። አያ አድማሴ ወደ እኛ አላዩም።

«ሹፌሩ ይመልስልኝ። ምጥ ቢይዛት ያ ልጃችሁ በምን ያደርሳታል?»

ስለ ሞተሯ ያጠናሁትን ንግግር ትቼ ወደ በሩ ዞርኩ። ያሳደግኩት ልጅ ነው። ከሄልሜቱ ውስጥ ቀስ ያለ ድምፅ ወጣ።

«ነገ ለሞተሯ ማርሚታዋን ይመልስላታል፣ አባባ። ሞተሯ እምቢ ካለችም በጀርባው አዝሎ ያደርሳታል። እኔ አውቀዋለሁ።»

አያ አድማሴ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ።

«ሹፌር» አሉት፤ «ያንን ሄልሜት አውልቅና ግባ፤ ምሳ ብላ።»