በቀትር ማር የሚቆርጥ ማነው?

ዙሀራ ባሏ ሲሞት ቀፎዎቹን ሽጪ አሏት፤ አልሸጠችም። ሴት ልጅ ዛፍ ላይ አትወጣም አሏት፤ ወጣች። ከሸዋ ሮቢት በላይ ባለው የቀወት ዳገት አሥራ አንድ ዓመት ማር ስትቆርጥ ኖራ፣ ባለፈው የካቲት ነፋስ የያዘው እሳት ዳገቱን ሲበላው ከስድስት ቀፎዎቿ አምስቱ አብረው ነደዱ። የተቃጠለባትን ሴት አይዞሽ ማለት ሲገባ፣ ሰው ሁሉ ጣቱን የቀሰረው በእሷ ላይ ሆነ።

ከዳገቱ ግርጌ በተጠራው ስብሰባ መንስኤውን የማያውቅ ሰው ጠፋ። ሙሀሲን የሚባለው ጎረቤቷ ነፋስ የመብራት ሽቦ አጋጭቶ ነው ብሎ ማለ። አንዱ ከመኪና የተወረወረ ሲጋራ ነው አለ፤ የመኪናው መንገድ ግን ከዚያ የሁለት ሰዓት የእግር ጉዞ ነው። የከሰል አክሳዮች ስምም ተነሳ። ነገር ግን ከሰል አክሳይ ዘመድ የሌለው ሰው ስላልነበረ፣ በመጨረሻ ዙሀራ ማር ስትቆርጥ ንብ የምታባርርበት የጭስ ማጨሻ ነው በሚለው ሁሉም ተስማማ።

የደን ጥበቃ ኮሚቴው ሰብሳቢ ጋሼ ገብረሚካኤል ክፉ ሰው አይደሉም። "ዙሀራ፣ ጥፋቴ ነው በይና እንማርሽ። ካላልሽ ግን ከእንግዲህ እዚህ ዳገት ላይ ቀፎ አትሰቅዪም" አሏት።

"ወላሂ አልልም! እሳቱ የተነሳው መቼ ነው?"

"የዙሁር አዛን ሲል" አለ ሙሀሲን።

"ታዲያ በቀትር ማር የሚቆርጥ ማነው? ማር የሚቆረጠው ሲመሽ ነው። ፀሐዩ ሲከር ንቡ ሰው አያስጠጋም። ካላመኑኝ ይኸው ስድስት ሰዓት ሆኗል፤ የተረፈችው ቀፎዬ እዚያ ግራር ዝቅተኛ ቅርንጫፍ ላይ ናት። ይምጡና ይክፈቷት!"

ሰው ሳቀ። ገብረሚካኤል እልኸኛ ናቸው፤ ከእሷ ማጨሻ ተቀብለው፣ እሳት ለኩሰው፣ ኮሚቴውን አስከትለው ሄዱ። ክዳኑን ገና ሳይነኩ መንጋው ግር ብሎ ወጣ። ማጨሻውን እዚያው ጥለው ፈረጠጡ፤ ኮሚቴውም ነጠላውን እየጣለ ተከተላቸው። ደረቁ ሣር ተያያዘ። ነፋሱ ሲያራግበው ዙሀራ ብቻዋን ቀረች፤ ንቡ ፊቷንና አንገቷን እየነደፋት እሳቱን በጫማዋ ረገጠችው፣ በሻርፗ ደበደበችው፣ እስኪጠፋ አልተነቃነቀችም።

ወደ ስብሰባው ተመልሰው ቃለ ጉባኤው ሲጻፍ ሰብሳቢው ባበጠ ከንፈራቸው "መንስኤው አልታወቀም፤ ዙሀራም ቀፎዋን ትስቀል" አሉ። ሰው ሊነሳ ሲል ዙሀራ አልተነሳችም።

"ይጨመርበት" አለች። "የኮሚቴው ሰብሳቢ በጠራራ ፀሐይ ዳገቱ ላይ እሳት ጥለው ሸሹ። ያዳነችው ዙሀራ ናት።"

ጸሐፊው ገብረሚካኤልን አየ። እሳቸው መሬት መሬት አዩ። ተጻፈ፤ እሳቸውም ፈረሙበት።