ማገጥ ሊያዩ ሲወጡ

አባባ የምንላቸው አያታችን ክረምቱ ሲወጣ ከአርጆ በላይ ወዳለው ተራራ ማገጥ ሊያዩ ይወጡ ነበር። ማገጥ በኦሮምኛ ሲዲሳ የምትባል፣ ሐምራዊ አበባ ያላት ትንሽ ተክል ናት። ሲመለሱ “ዘንድሮም ከሥሯ ተነሣች!” ይላሉ። ይዘው የሚወጡት ግን አብራቸው የኖረችውን የአጎቴን ልጅ ነው። እኔን የነቀምቴዋን፣ “የከተማ እግር ዳገት አይችልም፤ አንቺ ቤት ጠብቂ” ይሉኛል። ቅናቱ ያንገበግበኝ ነበር።

ዘንድሮ ማገጥ ስታብብ እሳቸው የሉም። በአርባቸው ማግስት የአጎቴን ልጅ፣ “እዚያ ምን ያጫውቱሽ ነበር?” አልኳት።

“ሆማ! ምንም። ዝም ብለን እንቀመጣለን፤ ደከም ሲላቸው ትከሻዬ ላይ ያንቀላፋሉ።”

ምክርና ምርቃት ብትለኝ ይቀለኝ ነበር፤ እሱንማ እኔንም አልነፈጉኝም። ትከሻዬ ላይ ግን አንድም ቀን አንቀላፍተው አያውቁም።