በመምህሩ ስም የሚመጣ ዕቃ

ከጨንቻ በወጣሁበት ቀን ዋዜማ ምሽት ዝናብ ነበር። እናቴ ለመንገድ ቆጮ በኮባ ጠቅልላ አሰረችልኝ። አባቴ ከሽመና ጉድጓዱ ሳይወጣ፣ እጁንም ሳያሳርፍ፣ "በሰው አገር አፍህ ከእጅህ አይቅደም" አለኝ። እኔን ሸማኔ ለማድረግ ዓመታት የለፋ ሰው ነው። እኔ ደግሞ የሞቱ ስልኮችን እየፈታሁና እየገጠምኩ፣ ያለ አስተማሪ ጥገና ተማርኩ። በመንደራችን ግን ከሚበላሸው ስልክ ይልቅ ጠጋኙ በዝቶ ነበር።

ጎህ ሲቀድ ተነሥቼ በአርባ ምንጭና በኮንሶ አድርጌ ወይጦ ቆላ ስደርስ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣበቀ። የአገሬ ልጆች፣ እኛ በሰኔ ጋቢ ደርበን ስንቀመጥ እዚያ ፍየሎቹ እንኳ ጥላ ሥር ያለከልካሉ። ጂንካ ስገባ ግን በየጓሮው እንሰት አየሁና ልቤ መለስ አለ። የአሪ ሰዎችም እንደኛው እንሰት ተካዮች ናቸው። ቆጯቸውን ቀምሼ "ጥሩ ነው" አልኩ፤ በልቤ ግን የእናቴን ዳጣ ፈለግሁ።

ቤት ያከራዩኝ እትዬ ራሔል የሚባሉ የአሪ ሴት ናቸው፤ ባላቸው የሞቱባቸው፣ አንዲት ልጃቸው ቤሩት ሰው ቤት የምትሠራ።

"ከየት ነህ?" አሉኝ።

"ከጨንቻ።"

"ሸማኔ?"

"አይ፣ ስልክ ነው የምጠግነው።"

"የጨንቻ ሰው ሆነህ ሸማኔ ያልሆንከው፣ ምን አጥፍተህ ሸሽተህ ነው?"

"ምንም አላጠፋሁም።"

"ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ነው። ሚስት ማምጣት አይቻልም።"

"ሚስት የለኝም።"

"እሱንማ አይቻለሁ።"

እንዲህ ተስማማን። በራቸው ላይ ትንሽ ጠረጴዛ ዘርግቼ መሥራት ጀመርኩ፤ እነሆ ሦስት ዓመት ሆነኝ።

ዘንድሮ የእትዬ ራሔል መነጽር ተሰበረ። በቤተ ክርስቲያን ለሴቶች ኅብረት መጽሐፍ ቅዱስ የሚያነቡት እሳቸው ናቸው። ያለ መነጽር ፊደሉ አይታያቸውም፤ ገጹን ገልጠው በቃላቸው የያዙትን ብቻ ይሉ ነበር፤ እሱም እያለቀባቸው ነበር። ልጃቸው ምህረት ሐኪሙ በጻፈው ቁጥር አሠርታ በፖስታ ላከች። ወር አልፎ ዕቃው ሲጠፋ፣ "በዚያ የጂንካ ሰዎች ፌስቡክ ላይ ጠይቅልኝ፤ ከቤሩት ዕቃ ስንት ቀን ይፈጃል በላቸው" አሉኝ።

ጠየቅሁ። እኔ ነገር በግማሽ መጻፍ አይሆንልኝም። ሙሉ ስማቸውን፣ ስልካቸውን፣ ዕቃው መነጽር መሆኑን፣ ላኪዋ ልጃቸው መሆኗን፣ አንድ ሳላስቀር ጻፍኩ።

በአራተኛው ቀን፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ በእሳቸው ስልክ መልእክት ገባ። አነበብኩላቸው፦ "ክብርት ወ/ሮ ራሔል፣ ልጅዎ ከቤሩት የላከችልዎ መነጽር ደርሷል። የማድረሻ ክፍያ እስከ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ካልገባ ዕቃው ወደ ላኪው ይመለሳል።" ከሥሩ የባንክ ሒሳብ ቁጥር አለ።

"ተመስገን! በል በስልክህ ላክላቸው" አሉ።

እኔ ግን አልላክሁም። ጂንካ ላይ ፖስታ ቤት ለቤት አይመጣም። የራሱ የፖስታ ሣጥን ያለው ሰውም ጥቂት ነው። እትዬ ራሔል ከድሮ ጀምሮ የሚጠቀሙት በጡረተኛው መምህር በጋሽ ደበበ ሣጥን ነው። ምህረት የምትልከው ሁሉ ከላይ የመምህሩ ስምና ስልክ ይጻፍበታል፤ ከሥር በትንሹ "ለራሔል" ይላል።

"እትዬ፣ ፖስታ ቤት የሚያውቀው የጋሽ ደበበን ስልክ ነው። የእርስዎን ከየት አገኙት?"

"እግዚአብሔር ገልጾላቸው ይሆናላ! ላክ ብዬሃለሁ።"

"ምህረትን እንጠይቃት።"

"እሑድ ካልሆነ አሠሪዎቿ ስልክ እንደማይሰጧት እያወቅህ? መነጽሬ ከተመለሰ አንተም አብረህ ወደ ጨንቻህ ትመለሳለህ!"

ቀልድ አልነበረም። ብሳሳት ቤቴም፣ የሥራ ቦታዬም፣ እዚህ ያገኘሁት ስምም አብሮ ይሄዳል። ቢሆንም በእሳቸው ስልክ መልእክቱ ወደመጣበት ቁጥር ደወልኩና ድምፁን ለሁለታችንም ከፈትኩት።

"አቤት እናቴ፣ ከዕቃ ማድረሻ ክፍል ነው" አለ፣ ማር የመሰለ ድምፅ።

"ተከራያቸው ነኝ። ዕቃው ላይ የተጻፈው የማን ስም ነው?"

"የወይዘሮ ራሔል ነዋ። ይኸው በእጄ ይዤ እያነበብኩት ነው።"

"ከእሳቸው በላይ የተጻፈ ሌላ ስም የለም?"

"ኧረ ምንም የለም፤ የእሳቸው ብቻ ነው፣ በትልቁ።"

እትዬ ራሔል ቀና አሉ። ከዚያ ወደ ስልኩ ጠጋ ብለው፣ "የኔ ልጅ፣ የት ልታመጣልኝ ነው?" አሉት።

"ቤትዎ ድረስ፣ እናቴ!"

"ወይ ጉድ። ዕድሜዬን ሙሉ ጂንካ ስኖር፣ ወረቀት ይዞ ቤቴ ድረስ የመጣ ግብር ሰብሳቢ ብቻ ነው።"

ስልኩ ተዘጋ።

ያኔ ፌስቡኩ ላይ ምን ምን እንደጻፍኩ አንድ በአንድ ነገርኳቸውና ጽሑፉን አጠፋሁት። ይህን መናገር ከመደወሉ ይልቅ ከበደኝ። ስማቸውንና ስልካቸውን ለሌባ አሳልፌ የሰጠሁት እኔ ነበርኩ።

"ያዘዝኩህስ እኔ አይደለሁ?" አሉ። "ግን ዕቃው እውነት ተመልሶ ከሆነ፣ ሻንጣህን አዘጋጅ።"

አሥራ አንድ ቀን ጠበቅን፤ ቀኑን የምቆጥረው እኔ ነበርኩ። በመሃሉ እሑድ ምህረትን ብንጠይቃትም ዕቃው የት እንደደረሰ አታውቅም ነበር። በአሥራ ሁለተኛው ጋሽ ደበበ ጥቅሉን በብብታቸው ይዘው መጡ። ከላይ የእሳቸው ስም፤ ከሥር "ለራሔል"። እትዬ ራሔል መነጽሩን አጠለቁና መጀመሪያ ያዩት እኔን ነበር።

"እኔ እኮ መልከ መልካም ትመስለኝ ነበር!"

በቀጣዩ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ለሴቶቹ ሁሉ፣ "ዕቃ መጥቶላችኋል፣ ክፈሉ የሚል ነገር ሲደርሳችሁ መጀመሪያ ለልጄ አሳዩት፤ ጨንቻ ነው የተወለደው" አሉ። ከዚያ ወዲህ ከጎረቤት ከተማ ከገዘር እንኳ በሚኒባስ ስልኳን ይዛ የመጣች ሴት አለች። አነብላቸዋለሁ፤ ለማንበብ አላስከፍልም። ኮራሁ፤ መኩራቴን አልደብቃችሁም።

የዚያን እሑድ ማታ ለአባቴ ደውዬ ታሪኩን በሙሉ ነገርኩት። እስክጨርስ ሰማኝ።

"ለእኔም መጥቶ ነበር" አለ። "ከውጭ አገር ዕቃ ተልኮልዎታል የሚል። ጎረቤት አነበበልኝ።"

"ከፈልክ እንዴ?"

"አልከፈልኩም፤ በእጄ ገንዘብ አልነበረም። ለመንደሩ ግን ነገርኩ፣ ልጄ ዕቃ ላከልኝ ብዬ።"

በሦስት ዓመት ውስጥ ለአባቴ አንድ ነገር ልኬለት አላውቅም።

"አባዬ፣ ጂንካ እኮ ውጭ አገር አይደለም" አልኩት።

"አውቃለሁ" አለ። "ግን ከአንተ ሌላ ውጭ ያለ ማን አለኝ?"