በበያጁ ላይ የተላከከ ጥፋት

የደም መመርመሪያ ማሽን በሚሠራ ድርጅት ውስጥ የኦፐሬቲንግ ሲስተሙን እምብርት፣ ከርነል የሚሉትን፣ የምትጽፍ ሴት ነበረች። ሥራዋ ለዓይን አይታይም። "ማሽኑ ሲሠራ የሚመሰገነው ቀለሙን የመረጠው ሰው ነው" እያለች ትቀልድ ነበር።

ማሽኑ ውጤት ሲያትም ይዘገያል ብሎ አለቃዋ ቢጨቀጭቃት፣ አንድ ቀን ከኮዱ ውስጥ አንዲት መስመር አወጣች። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ፕሮሰሰሩ የሚጽፈውን ሁሉ መጀመሪያ አጠገቡ ባለች ትንሽ ማስታወሻ፣ ካሽ በምትባለው፣ ያስቀምጣል፤ ወደ ዋናው ማስታወሻ የሚያራግፈው ሲመቸው ነው። አታሚው ደግሞ የሚያነበው ከዋናው ብቻ ነው፤ ካልተራገፈለት የሚያገኘው የቀድሞውን ነው። ስለዚህ "ከመታተሙ በፊት አራግፍ" የሚል ትእዛዝ፣ ጊዜ ቢወስድም፣ የግድ ያስፈልጋል። እሷ ያወጣችው ያንን ነበር። ከዚያ ማሽኑን በሥራ አጨናንቃ ፈተነችው፤ አንድም ስህተት አላየችም። ካሽ ሲሞላ ሳይታዘዝም እንደሚያራግፍ፣ ሥራ ሲቀዘቅዝ ግን ይዞ እንደሚቀመጥ ጠንቅቃ ታውቅ ነበር። ያን ቀን ብቻ አላሰበችውም።

ከጥቂት ወራት በኋላ ከአንድ ሆስፒታል ተደወለ። የላብራቶሪ ባለሙያዋ ሁለት ወረቀት ይዛለች፤ ስሙ የተለያየ፣ ውጤቱ ግን ቁርጥ አንድ። ማሽኑ የፊተኛውን በሽተኛ ውጤት ለኋለኛው ሰጥቶት ኖሯል። ደግነቱ ጠርጥራ ደሙን እንደገና መርምራዋለች።

ማሽኑ ተመልሶ መጣ። በሥራ አጨናንቀው ቀኑን ሙሉ ቢፈትኑት ደህና ነው።

"ኮዱን አይቼዋለሁ፤ ቦርዱ ይሆናል" አለች። አይታው ነበር፤ የራሷን ለውጥ ግን አልፋ።

ቦርዱን፣ የማሽኑ ጥቃቅን የኤሌክትሪክ ክፍሎች የሚያያዙበትን ሰሌዳ፣ የሚበይዱት "እጀ ወርቅ" የሚሏቸው፣ ጡረታ የተቃረቡ ሰው ነበሩ። አለቃው "እጃቸው መንቀጥቀጥ ሳይጀምር አልቀረም" አለ። እሷ ዝም አለች። በሳምንቱ እጀ ወርቅ መበየጃቸውን በጨርቅ ጠቅልለው፣ ማንንም ሳይሰናበቱ ወጡ።

ስህተቱ ግን አልቆመም፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ላም ባልዋለበት ኩበት ሲለቀም ኖረ፤ ገመዱ ተቀየረ፣ አታሚው ተቀየረ። በመጨረሻ የሰው እጅ ባልነካው፣ በማሽን በተበየደ ቦርድ ላይ ያው ስህተት ታየ። ነገሩ የእግር እሳት ሆነባት። የኮዱን የለውጥ መዝገብ ወደ ኋላ ስታገላብጥ፣ ከጎደለችው መስመር አጠገብ የራሷን ስም አገኘች። ትእዛዙን መለሰችው። አሁን ማሽኑን ሥራ አስፈትታ ሁለት ሳምንት ጠበቀችው፤ ስህተቱ አልተመለሰም። ጥገናው አንዲት መስመር ብቻ መሆኑ ይበልጥ አንገበገባት።

"ተጠገነ አይደል? ታዲያ የሞተ ነገር ምን ያስቆፍርሻል?" አላት አለቃዋ።

"ጋሼን እኮ ነው ያባረርናቸው።"

"በፈቃዳቸው ነው የወጡት።"

እሱን ትታ ማሽኑን ለገዙት ሆስፒታሎች ሁሉ ጥፋቷን ዘርዝራ ጻፈች። ሳይታወቅ ያለፈ የተሳሳተ ወረቀት ይኑር አይኑር ግን እስከ ዛሬ አታውቅም። ከዚያ የደብዳቤውን ቅጂ ይዛ እጀ ወርቅ ቤት ሄደች።

ሰውየው እስክትጨርስ ሰሟትና እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ። "አየሽ ልጄ፣ ይንቀጠቀጣል መባሉን ሰማሁ። ከዚያ ወዲህ እጄን ሳይ ስውል፣ እውነትም መንቀጥቀጥ ጀመረ።"

"ይቅር ይበሉኝ፣ ጋሼ።"

ባለቤታቸው ጣልቃ ገቡ። "ብርጭቆ ሲያነሳ እንዳይታይ ከሰው ሲሸሽ ነው የኖረው! ይቅርታሽ ምን ያደርግለታል?"

መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

"ወደ ሥራዎ እንዲመለሱ እኔ…" ብላ ጀመረች።

"እሱስ አልፏል" አሉ እጀ ወርቅ። "ይሄን ደብዳቤ ግን ለባልደረቦቼ አንብቢላቸው። ጮክ ብለሽ።"

ሰኞ ጠዋት በያጆቹ ክፍል መካከል ቆማ አነበበች። አለቃዋ በሩ ላይ ቆሞ ወለሉን ያያል። እጀ ወርቅ አልመጡም፤ ባለቤታቸው ግን ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈው ከኋላ ቆመዋል። አንብባ ስትጨርስ አንዲት በያጅ መበየጃዋን አስቀምጣ፣ ሳታያት በአጠገቧ አልፋ ወጣች።

"የእጁን ነገር የሚለውን ድገሚው" አሉ የእጀ ወርቅ ባለቤት ከኋላ።

"ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የበያጁ እጅ ምንም አላጠፋም" ብላ ደገመችው። ድምፅዋ ግን ተቆራረጠ።

"አልተሰማም" አሉ።

ለሦስተኛ ጊዜ አነበበችው።