የናፊሳ ሦስት ደቂቃ

አምቦ ባለው ኮሌጃችን የቅዳሜና እሁድ ክፍል ውስጥ እንግሊዝኛ የማይችል ሰው ሥራ አያጣም። አምስት አምስት ሆነን በቡድን ስንመደብ አንዱ ይጽፋል፣ አንዱ ያስተካክላል፣ አንዱ ተነስቶ ይናገራል። የቀረነው ሁለታችን ሥራው የተጻፈበትን ትልቅ ወረቀት፣ ፍሊፕ ቻርቱን፣ በየጫፉ ይዘን እንቆማለን። ውጤቱ የሚሰጠው ለቡድኑ ስለሆነ የተናገረውም ወረቀት የያዘውም እኩል ያገኛል። እኔ እታገኝ፣ ከጉደር በሚኒባስ እየተመላለስኩ የምማር የማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ፣ በዚህ ሙያ ሁለት ዓመት ሙሉ አገልግያለሁ። ሌላኛውን ጫፍ የምትይዘው ናፊሳ ነበረች።

ናፊሳ አምቦ ገበያ አጠገብ ጫማ ትሸጣለች። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፣ የሦስት ልጆች እናት። ወላጆቿ ከስልጤ መጥተው አምቦ የከተሙ ነጋዴዎች ናቸው፤ እሷ ስልጢኛውንም፣ ኦሮምኛውንም፣ አማርኛውንም አቀላጥፋ ትናገራለች። በሦስት ቋንቋ ገበያተኛ የምታሳምን ሴት በአራተኛው አፏ ተሳስሮ ስትቆም ማየት ያበሽቀኝ ነበር። የእኔስ ይሁን፤ እኔ በአማርኛም ዝምተኛ ነኝ።

በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ አንድ የእርዳታ ድርጅት ሠራተኛ መቅጠር ፈልጎ ናፊሳ ተመዘገበች። ቃለ መጠይቅ የሚያደርገው ሰውዬ ግሬድ ሪፖርቷን አይቶ ደስ አለው፤ እንግሊዝኛዋ ሁሉ ኤ ነው። ከዚያ ስለ ራሷ በእንግሊዝኛ ትንሽ እንድትነግረው ጠየቃት። ስሟን ተናገረችና እዚያው ቆመች። ሰውዬው አልተቆጣም። ወረቀቱን አየ፣ እሷን አየ፣ ደግሞ ወረቀቱን አየ።

«ስሰርቅ የተያዝኩ መሰለኝ» አለችኝ በሚቀጥለው ቅዳሜ። አላለቀሰችም። ተናዳ ነበር፣ ያውም በራሷ።

ሦስተኛ ዓመት ላይ ስለ ደንበኛ አያያዝ የሚያስተምረን መምህር ጅሩ ከሠላሳ የሚያዝ ፕረዘንቴሽን ሰጠን። የቡድናችን መሪ ሮቤራ የሚባል የባኮ ልጅ ነው፤ መምህሩ የሚያድለውን ሃንድአውት ከዳር እስከ ዳር ሸምድዶ ትንፋሽ ሳይወስድ ይወጣዋል። እንደ ልማዱ ሥራ ሲያከፋፍል ለእኔና ለናፊሳ ወረቀቱን ሰጠን። ናፊሳ አልቀበልም አለች። ሦስት ደቂቃ እንደምትናገርና ጥያቄ ከመጣም እንደምትመልስ ነገረችው። ሮቤራ ክፉ ልጅ አይደለም፤ እንደ ትልቅ ሴት አዴ ብሎ አክብሮ ለመናት።

«አዴ ናፊሳ፣ እኛ አለንልሽ እኮ። ለምን ትጨነቂያለሽ? የሁላችንም ውጤት ይበላሻል።»

እሷ አልተከራከረችም። ተነስታ መምህር ጅሩ ቢሮ ሄደችና የእሷ ውጤት ከቡድኑ ተለይቶ እንዲያዝ ጠየቀች። መምህሩ ከወደቀች ኮርሱን በሚቀጥለው ዓመት እንደገና እንደምትወስድ፣ ከእኛ ጋርም እንደማትመረቅ አስጠነቀቃት። ተስማማች። ስትወጣ ግን ፊቷ ላብ በላብ ነበር።

ለፕረዘንቴሽኑ ሁለት ወር ቀርቷታል። ሌላው ሰው ቢሆን ይሸመድዳል፤ ናፊሳ ግን ከዚያ በፊት ማንም ያላደረገውን አደረገች። ለአምቦ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ዋጋ የምትቀንሰው በእንግሊዝኛ ከተከራከራት ብቻ መሆኑን አወጀች። ወሬው ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ተዳረሰ። ከየክልሉ የመጡት ልጆች ከጓደኛ ጋር እየተለማመዱ ይመጡ ጀመር። ግማሾቹ ከእሷ አይሻሉም ነበር፤ በአንድ ስኒከር ላይ ሁለቱም ወገን ሲያልበው አይቼ ሆዴን ይዤ ስቄአለሁ። ባሏ ሰይፈዲን ሱቁን መማሪያ ክፍል አደረገችው እያለ ያጉረመርም ነበር፤ ከጎጆ ከተማ አካባቢ ቦት ጫማ ሊገዙ የወረዱ ገበሬዎች ክርክሩ እስኪያልቅ ቆመው ይጠብቃሉ። ሁለት ወር ታገሠኝ አለችው። ቆይቶ እሱም ለተማሪዎቹ «ላስት ፕራይስ» ማለት ጀመረ።

ቀኑ ደረሰ። ሮቤራ ተናግሮ ሲጨርስ መምህሩ፣ ተጠቅሞበት ሲያበቃ ዕቃ ሊመልስ የመጣ ደንበኛን ምን ታደርጉታላችሁ ብሎ በእንግሊዝኛ ጠየቀ። ሃንድአውቱ ላይ የለም። ሮቤራ ቀድሞ ያለውን መድገም ሲጀምር ናፊሳ ሦስት ደቂቃዋን ለዚሁ ልታውለው ወደ ፊት ወጣች። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ተሰበረ፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው የባሰ ሆነ። ከኋላ ሳቅ ተነሳ። እኔ ወረቀቱን ይዤ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ብዬ ተመኘሁ። እሷ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀች።

«ዌይት» አለች፣ «አይ አም ኖት ፊኒሽድ።»

ከዚያ በዚያው በተሰባበረ እንግሊዝኛ ስለ አንድ የጎጆ ሰው ተናገረች። ሰውዬው የገዛው ቦት በሳምንቱ ተተርትሮበት ይዞት መጣ። እሷ እምቢ አላለችም፤ አስቀመጠችው፣ ውሃ ሰጠችው፣ ጫማውን አገላብጣ አየች። ጫማው ለእግሩ ጠቦት ኖሯል። የመጨረሻው ጥንድ ስለነበረ እያወቀች ነው የሸጠችለት። «ጥፋቱ የእኔ ነበር» አለች፤ «ቀየርኩለት፣ አሁንም ከእኔ ነው የሚገዛው።» ሦስቱ ደቂቃ ሰባት ሆኖ ነበር። ክፍሉ ውስጥ የሚስቅ አልነበረም።

ውጤቱ ሲለጠፍ የእኛ ቡድን ሃያ ስድስት አገኘ፣ ናፊሳ አሥራ ስምንት። አልፋለች። ሮቤራ አዝኖላት፣ ከእኛ ጋር ብትሆኚ ኖሮ ሃያ ስድስቱ የአንቺም ነበር አላት።

«እሱ የእናንተ ነው፤ ይሄ የእኔ ነው» አለችው።

ወደ ጉደር ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ያ ሃያ ስድስት አሳፈረኝ። ወረቀት ይዤ ከመቆም በቀር ምን ሠርቼበታለሁ? በሚቀጥለው ሴሚስተር ሮቤራ እንደ ቀድሞው ቡድኑ ውስጥ ሊያስገባኝ ጠራኝ። አመሰገንኩትና ሄጄ ናፊሳ አጠገብ ተቀመጥኩ፤ የእኔም ውጤት ተለይቶ እንዲያዝ የአዲሱን ኮርስ መምህር ጠይቄ እንደመጣሁ ነገርኳት። አይዞሽም፣ ጎበዝም አላለችኝም። ሥራዬ ምን እንደሆነ በእንግሊዝኛ ጠየቀችኝ። በእንግሊዝኛ መለስኩላት። ተሳስቼ ነበር፤ አረመችኝና ደግሜ አልኩት።