ላሜና የእትዬ በለጡ አተላ

በደርግ ጊዜ ቁስቋም ሰፈር አንዲት የወተት ላም ነበረችኝ። የከብት መኖው ፋጉሎ ከገበያ ሲጠፋ ጎረቤቴ እትዬ በለጡ የአረቄ አተላቸውን ይሰጡኝ ጀመር፤ ወተቷም ጨመረ። ታዲያ አረቄ ማውጣት በቀበሌው ተከልክሎ ስለነበር፣ አተላው ከየት እንደሚመጣ ትንፍሽ አልልም።

አንድ ጠዋት ፒያሳ ካለው መሥሪያ ቤቴ ተጠርቼ ስደርስ ላሜ ተዘርራለች። ብጎትታት፣ ብገፋት፣ ወይ ፍንክች! ጎረቤቱ ትሪ ይዞ ከቧታል።

"ሳትሞት እንባርካት፤ አለዚያ በክት ትሆናለች" አሉ የአብዮት ጥበቃው ኃላፊ ጓድ ደምሴ፣ ቢላዋ እየሳሉ። "ጉበቷ ግን የኔ ነው!"

እንባዬ መጣ፤ ግን ምን ላድርግ? እሺ አልኩ። እግሯን አስረው አንገቷን ሲያዞሩ እትዬ በለጡ ነጠላቸው መሬት እየጠረገ ደረሱ።

"እንዳትነኳት! ሰክራ ነው! የአብዮት ጥበቃ ቤት ሊፈትሽ ነው ሲሉኝ፣ አረቄ ላወጣበት የነበረውን ድፍድፍ በሙሉ ያጠጣኋት እኔ ነኝ!"

እትዬ በለጡ ቢላዋውን የያዘው ማን እንደሆነ ያዩት ይሄኔ ነው።

ጓድ ደምሴ ላሚቱን አዩ፤ እትዬ በለጡን አዩ።

"በሙሉ?" አሉ ቢላዋቸውን ወደ አፎቱ እየመለሱ። "ምነው እትዬ በለጡ፣ ትንሽ እንኳ አላስቀሩም?"